ከአዲጄ ማዶ የነበረው ብስክሌተኛ

ጄሊንዶ ሲባል በመንደራችን ማንም የአባቱን ስም አይጠይቅም፤ ሌላ ጄሊንዶ የለንም። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በስኳር ፋብሪካው ማፍሊያ ክፍል ሠራ። ፋብሪካው ሲዘጋ እናቱ አልጋ ላይ ዋለች፤ እሷን ዘጠኝ ዓመት አስታመመና ቀበረ። ሚስት አላገባም። ለምን እንዳላገባ አንድ ቀን ብጠይቀው፣ “ማን ጠየቀኝ?” ብሎ ስኒውን አማሰለ።

እኔ ኔሪና እባላለሁ። ቡና ቤቴ ከግድቡ ሥር ነው። ግድቡ የአዲጄን ወንዝ ከማሳችን የሚለየው የአፈር ክምር ነው፤ በአናቱ ላይ አስፋልት ተነጥፎበታል፤ መኪና አይወጣበትም። ጄሊንዶ ጠዋት ጠዋት ቡናውን ግራፓ የሚባለውን የወይን አረቄ ጠብ አስደርጎ ይጠጣል፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት ላይ ብስክሌቱን እየገፋ ግድቡ ላይ ይወጣና ዳገት የሌለበትን መንገድ ቀስ እያለ ይያያዘዋል።

ድሮ ብቻውን አልነበረም። እሁድ እሁድ ስምንት ሆነው ይወጡ ነበር፤ አለቃቸው የቧንቧ ሠራተኛው ቱሊዮ ነው። መጀመሪያ ሁሉም የነዱት የብረት ብስክሌት ነበር። ከዚያ ቀላል ቀላሉን ገዙ፤ ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ መጣ፤ በመጨረሻ ግማሾቹ ባትሪ ያለው አመጡ። ጄሊንዶ የሚነዳው በሰዓት አሥራ ስድስት ኪሎሜትር ነው፤ ድሮም አሥራ ስድስት፣ አሁንም አሥራ ስድስት። ግድቡ ላይ ያለው የውኃ መዝጊያ ጋ ቆመው ይጠብቁታል። ሲደርስ ቱሊዮ፣ “ቀስ በል እንጂ ጄሊንዶ፣ ፖሊስ ከፍጥነት በላይ ነዳህ ብሎ ይከስሃል!” ይላል፤ ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል። እሱ ትንፋሹን ሳይሰበስብ እነሱ ይነሳሉ።

አንድ እሁድ፣ “ከእንግዲህ አትጠብቁኝ” አላቸው።

ይኼን ሲያወራኝ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። “እኔ እኮ ‘ኧረ ተው’ የሚሉኝ መስሎኝ ነው። ‘እሺ’ አሉ። እንዲያ በቶሎ።”

ከዚያ ወዲህ በአዘቦት ቀን ብቻውን መንዳት ጀመረ። በሳምንት ውስጥ ከእኔ በቀር ከሰው ጋር የሚነጋገር አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን ሥራ ይዞኝ “ቡና? መጣ” ከማለት አላልፍም ነበር።

የካቲት ላይ ነው የማዶውን ሰው ያየው። ከወንዙ ወዲያ ባለው ግድብ ላይ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሰው በዚያው ሰዓት፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ በእሱው ፍጥነት ይነዳል። በመካከላቸው መቶ ሜትር የማይሞላ ቡናማ ውኃ አለ። በመጀመሪያው ቀን ጄሊንዶ ተናደደ፤ ሰውዬው የሚቀልድበት መስሎት። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው እጁን ከፍ አደረገ። ጄሊንዶም ከፍ አደረገ። ከአንድ ኪሎሜትር በኋላ እንደገና እጁ ተነሣ፤ የጄሊንዶም ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ “ጓደኛዬ” ሆነ። “ጓደኛዬ ዛሬ አርፍዷል።” “ጓደኛዬ አጎንብሶ ሲታገል አየሁት፣ የብስክሌቱ ካቴና ወልቆበት ይሆናል።”

“ስሙ ማነው ጓደኛህ?” ይለዋል ቱሊዮ።

“ምን አውቅልሃለሁ።”

“ድልድይ አለ እኮ! አሥራ አንድ ኪሎሜትር ነው።”

“መኖሩንማ አውቃለሁ፣ በየቀኑ እደርስበታለሁ።”

እውነቱን ነው። በየቀኑ ድልድዩ ጋ ይደርሳል፣ ዳቦና ሳላሚውን ቆሞ ይበላል፣ ይመለሳል። ቢጫው ጃኬት ከዚያ በፊት የውኃ ማማው ጋ ይዞራል። ጄሊንዶ አንድም ቀን አልተሻገረም። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ “ሄጄስ ምን እለዋለሁ ኔሪና? ሰላም፣ እኔ ከማዶ ያለሁት ነኝ? ከዚያስ?” አለኝ።

ኅዳር ላይ ዝናቡ በረታ። ወንዙ እስከ ግድቡ ወገብ ሞላ፤ መንገዱ አሥራ አንድ ቀን ተዘጋ። ውኃው ሲጎድል ጉም ወረደ፤ የራስን ጓሮ እንኳ የማያሳይ ጉም። ጉሙ ሲገለጥ ጄሊንዶ ወጣ። ቢጫ ጃኬት የለም። በማግስቱም የለም። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት ቡናውን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው።

“ሂድና ጠይቅ እንጂ” አልኩት።

“ምኑ ነኝና?”

“ጓደኛዬ ስትል የከረምከው አንተ አይደለህም?”

ጓንቱን አጠለቀና ወጣ።

ያን ቀን ተሻገረ። ከድልድዩ ወዲያ ልብስ የምታሰጣ ሴት አግኝቶ ቢጫ ጃኬት ስለሚለብስ ሰው ጠየቃት። “ሴቬሪኖ ነዋ! ፖስታ አመላላሽ የነበረው” ብላ አረንጓዴ መስኮት ያለውን ቤት አሳየችው። በሩን የከፈተለት የሰባ ስድስት ዓመት ቀጭን ሰው ነው፤ ግንባሩ ላይ ገና ያልጠፋ ሰንበር አለው። ዓይኑን አጨንቁሮ አየው።

“ከማዘጋጃ ቤት ነዎት?”

“አይደለሁም። ከማዶ ነኝ።”

“ከየት ማዶ?”

“ከወንዙ ማዶ ነኝ። በብስክሌት... እርስዎ በዚህ፣ እኔ በዚያ። እጅ እያነሣን ሰላም እንባባላለን እኮ።”

“እጅ?”

ጄሊንዶ ክንዱን ከፍ አድርጎ አሳየው። ሴቬሪኖ የቀኝ እጁን አንጓ ማሸት ጀመረ።

“ይቺን ነው? ይቺ እኮ ትደነዝዛለች። መሪ ስጨብጥ ነው የኖርኩት፣ ሠላሳ ዓመት። ሐኪሙ በየኪሎሜትሩ አንስተህ አራግፋት ብሎኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰው መኖሩንም አላየሁ። ዓይኔ ከአስፋልቱ ጠርዝ አያልፍም።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ አለኝ ጄሊንዶ። “አይ፣ ምንም አይደል፣ ደህና ዋሉ” ብሎ ብስክሌቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

“ቆይ እስቲ” አለ ሴቬሪኖ። “ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከየካቲት።”

“በየቀኑ?”

“ዝናብ ካልሆነ።”

ሴቬሪኖ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። “እኔ ደግሞ በዚህ ወንዝ ላይ ብቻዬን ነኝ እያልኩ ነበር የምነዳው” አለ። ተነሣና፣ “ግባ፣ ይበርዳል” አለው። እርስዎ መባባሉ እዚያ ላይ ቀረ።

የባቄላ ሾርባ በሉ። ብዙም አልተጫወቱም፤ ሁለቱም ወሬ አያውቁም። ሴቬሪኖ በጉሙ ጊዜ ከግድቡ መግቢያ ብረት ጋር ተላትሞ ወድቋል። ሐኪሙም፣ ኖቫራ ከተማ የሚኖረው ልጁም፣ ከእንግዲህ ብስክሌት የለም ብለውታል። ይኼን ሲናገር ማንኪያውን ሳህኑ ዳር ላይ አስቀመጠ።

ጄሊንዶ በሕይወቱ ማንንም ለምኖ አያውቅም። ያን ቀን ግን፣ “ከፊት ከፊትህ ብሄድስ?” አለው።

“በስንት ነው የምትነዳው?”

“በአሥራ ስድስት።”

“ከወደቅሁ ወዲህ ይበዛል” አለ ሴቬሪኖ። “አሥራ አራት ይሁን።”

ይኼን ሲነግረኝ ጄሊንዶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከእሱ የሚዘገይ ሰው ተገኘ!

ከጥር ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ በሴቬሪኖ በኩል ባለው ግድብ ላይ አብረው ወጡ። ሴቬሪኖ ቢጫ ጃኬቱን ለጄሊንዶ አለበሰው፤ ከፊቱ ለይቶ የሚያየው ያንን ቀለም ብቻ ነበርና። ጄሊንዶ ከፊት ሆኖ ያየውን ሁሉ ይናገራል፦ በግራ ጉድጓድ፤ ሽመላ ቆሟል፤ ሁለት ዓሣ አጥማጆች፣ አንዱ ተኝቷል፤ ማሳው ታርሷል። ከኋላው ያለው ሰው፣ “ዓሣ አጥማጁ ኮፍያ አድርጓል? ቀይ? በርቶሎ ነው፣ ሰላም በልልኝ” ይላል። ቀኑን ሙሉ ቃል የማይወጣው ሰው ድምፁ ዘግቶ ይመጣል። አንድ ቀን፣ “ጉሮሮዬ አለቀ ኔሪና፣ ማር አለሽ?” ብሎኛል።

ሚያዝያ ላይ ሴቬሪኖ በመካከል፣ “ማዶስ ማን አለ?” ብሎ ጠየቀው። ጄሊንዶ ሲነዳበት የኖረውን ግድብ አየ። መንገዱ ባዶውን ነው፤ ሣሩ ብቻ ይወዛወዛል።

“ማንም የለም” አለው።

“ዓመቱን ሙሉ እዚያ ነበርክ ማለት ነው” አለ ሴቬሪኖ።

ሰኔ ላይ የሴቬሪኖ ልጅ አባቱን ሊወስድ ከኖቫራ መኪና ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱ ምድጃ ላይ እሳት ረስቶ መውጣቱን ጎረቤት ነግሮት ነው። ዕቃው በአንድ ጠዋት ተጫነ። ጄሊንዶ ሲደርስ ሽማግሌው ከፊት ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል። እጁን ጨበጠው። ልጁ፣ “ብስክሌቱን ምን እናድርገው? እርስዎ ይውሰዱት” አለና ከጎተራው አውጥቶ ሰጠው። ጄሊንዶ ያን ቀን በአንድ እጁ የራሱን መሪ፣ በሌላው የሴቬሪኖን ብስክሌት ይዞ ሁለቱን እየገፋ በእግሩ ተመለሰ። ከድልድዩ እስከ ቤቱ አሥራ አንድ ኪሎሜትር ነው፤ ሐምሌ ሊገባ የደረሰ ፀሐይ ነው።

ሁለት ጊዜ ስልክ ደወለለት። ሴቬሪኖ በስልክ አይሰማም፤ “ማነው? ማነው?” ይላል፤ ልጁ ይቀበልና፣ “ደህና ነው፣ ሰላም ይልዎታል” ይላል። ሦስተኛ አልደወለም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ቡና ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ጄሊንዶ ቡናውን ጨርሶ አልሄድ አለ። ስኒውን አዞረው፣ እንደገና አዞረው።

“ኔሪና፣ ብስክሌት ትነጃለሽ?”

“በልጅነቴ። ለምን?”

“የሴቬሪኖ ብስክሌት አለ። ኮርቻውን ዝቅ ብናደርገው... መንገዱ ሜዳ ነው። በአሥር እንነዳለን።”

እኔ ደግሞ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። “በዚህ ጉልበቴ? ቡና ቤቱንስ ማን ይጠብቅልኛል?” አልኩና ሳቅሁ። ፊቱን ያየሁት ከሳቅሁ በኋላ ነው።

“ገባኝ” አለ። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ሰኞ ሰኞ እኮ ቡና ቤቱን እዘጋለሁ። ይኼን እሱም ያውቃል። በማግስቱ መጣ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ያን ነገር አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ጎረቤቱ እንደነገረችኝ ቅዳሜ ቅዳሜ የሁለቱንም ብስክሌቶች ጎማ ይነፋል፣ ካቴናቸውን ዘይት ይቀባል። አሁን ጥቅምት ገብቷል። ስድስት ሰኞ አለፈ፣ ሰባተኛው ነገ ነው፤ ልጠራው ወስኜ እንደገና ምን እለዋለሁ እያልኩ ነው።