ዱዌይን ኮስትካ፣ የኬልሲ ስትሪት ድራመር

ዱዌይን ኮስትካ ድራም መምታት የጀመረው በእናቱ የብስኩት ቆርቆሮዎች ላይ ነው። ይህን የሎሬይን ከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የጎረቤቱ ልጅ ዴኒ ማሎይ በየመድረኩ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያወራው ኖሯልና። ዴኒ ያላወራው የመስኮቱን ነገር ነው። ልጆች ሳሉ፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ዱዌይን የዴኒን መስኮት በራሱ የአመታት ስልት ያንኳኳ ነበር። ሁለት ፈጠን ያሉ ምቶች፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ አንድ። እናቱ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ብትጮህ የማይሰማው ዴኒ፣ ያቺን ሲሰማ ብድግ ይል ነበር። ዱዌይን ካደገም በኋላ በር ሲያንኳኳ እንደዚያው ነው፤ ሚስቱ ቦኒ ቁልፍ እንደረሳ የምታውቀው በዚያች ምት ነው።

ባንዱን እ.ኤ.አ. በ1978 በማሎዮች ጋራዥ ውስጥ አምስት ሆነው አቋቋሙትና በሰፈራቸው መንገድ ስም ኬልሲ ስትሪት አሉት። የአምስቱም አባቶች የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ በመኪና ቀለም ቃላቸውን ጻፉ፦ አንዳችን ካልቻልን ማናችንም አንጫወትም፣ ተተኪ አይገባም። የልጆች ቃል ነው፤ አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለውን ቃል በሃያ ዓመቱ ረስቶት ይገኛል። ዱዌይን ግን ያለውን ነገር ከልቡ የሚል ሰው ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ ኖረበት።

ስድስት ዓመት በሠራተኞች አዳራሽ፣ በሰርግ ቤትና በቢራ ቤት ተጫወቱ። በ1984 «የመጨረሻው ፈረቃ» የሚለው ዘፈናቸው ሬዲዮ ላይ ወጣ፤ ያን በጋ ከሎሬይን እስከ ቺካጎ መኪና ውስጥ ያላስጮኸው ወጣት አልነበረም። ትልልቅ ባንዶች መድረክ ማሟሟቂያ አድርገው ከአገር አገር ይዘዋቸው ዞሩ። በሁለተኛው ዓመት፣ ነገሩ ሊሰምር ሲል፣ የዴኒ ጉሮሮ ተዘጋ። ሐኪሙ ለዘጠኝ ወር እንኳን መዝፈን መናገርም ከለከለው። አሳታሚያቸው ሌላ ድምፃዊ አምጡ አለ። ዱዌይን ስለ ሁሉም ሆኖ እምቢ አለና ብረት ፋብሪካ ገብቶ እቶን ፊት ቆመ። አንድ ስሙ የገነነ ባንድ ለራሱ ድራመርነት ቢጠራው «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰ። ዴኒ ድምፁ ሲመለስ አሳታሚው ረስቷቸው ነበር።

ሬዲዮ ላይ ዳግመኛ አልወጡም። ከመድረክም አልወረዱም። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆነ፣ አንዱ ወደ ፍሎሪዳ ሄደ፣ ሦስተኛውን ጉበቱ ገደለው። ከአምስቱ ዴኒና ዱዌይን ቀሩ፤ ጊታሩንና ቤዙን የሚጫወቱ ሁለት ወጣቶች ቀጠሩ። ያረጀ ሰው የወጣትነቱን ዘፈን መስማት ስለሚወድ በየበጋው የሚጠራቸው አላጡም። ዱዌይን ግን ሃምሳን ሲያልፍ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ያብጥበት ጀመር። ከመጫወቱ በፊት እጁን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ከጨረሰ በኋላ በረዶ ውስጥ። ለዴኒ አንድም ቀን አመመኝ አላለውም። ዴኒም ጠይቆት አያውቅም።

በ2018 ጥር ዴኒ ወደ ቤቱ ምድር ቤት ጠራው። ዘፈኖቻችንን በሙሉ ለልጅ ልጆቻችን እንቅዳቸው፣ ለሽያጭ አይደለም፣ ማስታወሻ ይሁን አለው። ዱዌይን እንደ ልጅ ደስ አለው። በረዶ ውጭ ተከምሮ፣ የዴኒ ሚስት የምትልክላቸውን ፒዬሮጊ የሚባል ድንች የተሞላ ሊጥ እየበሉ፣ አሥር ቀን ቀረጹ። አንዱን ዘፈን እየቆራረጡ ሰባት ስምንት ጊዜ ይደጋግሙ ነበር፤ እጁ ሲደክም ያርፋል፣ ሲሻለው ይቀጥላል። በመጨረሻው ቀን «የመጨረሻው ፈረቃ» ላይ፣ ዴኒን ለመነካካት ብሎ ያቺን የመስኮት ምት በከበሮው ጠርዝ ላይ ጣል አደረጋት። ዴኒ እስኪያስለው ሳቀ። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ አሥር ቀን የተደሰተበት ጊዜ እንደሌለ ዱዌይን ለቦኒ ነግሯታል።

በዚያው ዓመት በጋ አንዳንድ ነገር ተለወጠ። የድምፅ ባለሙያቸው ኩርት ጆሮው ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ሰጠው፤ ማዳመጫው ፍጥነቱን እየቆጠረ ይመራዋል፣ የራሱንም ድራም ጮክ አድርጎ ያሰማዋል። በዙሪያው የመስታወት ግርዶሽ ቆመለት። ድሮ ዘፈኑ የሚጀምረው እሱ በትሮቹን አራት ጊዜ ሲያጋጭ ነበር፤ አሁን ማዳመጫው ሲነግረው ያጋጫል። ዛሬ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው አሉት። ዱዌይን መስታወቱን ክብር መስሎት ወደደው።

በሁለተኛው በጋ፣ ሐይቁ ዳር ተጫውተው ሲመለሱ፣ ቦኒ መኪናውን እየነዳች ነበር።

«ያቺን የመስኮት ኳኳታህን በማምጣትህ ደስ አለኝ» አለችው። «መጨረሻው ዘፈን ላይ። እጅህ ሻል አለህ ማለት ነው?»

ዱዌይን ያቺን ምት መድረክ ላይ መትቷት አያውቅም። በድራም የመታት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሷም የዴኒ ምድር ቤት ውስጥ ነች። ሳምንቱን ሙሉ ቦኒ ተሳስታ ይሆናል እያለ ራሱን ሲያባብል ከረመ። ስህተት እንዳልሆነ ግን ሆዱ አውቆታል።

ቅዳሜ የአውራጃው የእርሻ ትርኢት ላይ በዘጠኝ ሰዓት መድረክ ወጡ። አምስተኛው ዘፈን ሲጋመስ ዱዌይን ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለና ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። ድራሙ ቀጠለ። ጥርት ያለ፣ ዝንፍ የማይል፣ ሁለተኛዋን ምት ቅንጣት የሚያዘገይ ድራም ነበር፤ እንደዚያ የሚያዘገያት በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። ከፊት ያለች ቢጫ ለባሽ ሴት ትርኢት መስሏት አጨበጨበችለት። እሱ በትሮቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ተቀመጠ። ዴኒ እንደ ልማዱ ዘወር ሲል ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዴኒ መዝፈኑን አላቋረጠም። ፊቱን ወደ ሕዝቡ መለሰና ቀጠለ።

ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ከመድረክ ወርደው ሕዝቡ እስኪጠራቸው ይጠብቃሉ፤ ያረጀ የሙያው ልማድ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ዱዌይን ዴኒን ያዘው።

«የምድር ቤቱን ቅጂ የምታሰሙት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው በጋ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም» አለ ዴኒ። ከዚያ ክንዱን ሊይዘው ሞከረ። «ስማኝ ወንድሜ፣ እጅህ ከድቶሃል። መዘግየትህን ሰው ማውራት ጀምሮ ነበር። አንድ ጎረምሳ መቅጠር እችል ነበር፣ አልቀጠርኩም። ተተኪ አይገባም ብለን የለ? በማንም አልተካሁህም። በራስህ ነው የተካሁህ።»

ሰውየው ይህን ያለው ኮርቶ ነው። ደግ የሠራ መስሎታል።

«አንተ ጉሮሮህ ሲዘጋ እኮ ዘጠኝ ወር ቁጭ ብለን ጠበቅንህ።»

«ብነግርህ ትተኸኝ ትሄድ ነበር። ዘወር ስል አንተን ሳላይ መዝፈን አልችልም።»

«አሁን አየኸኝ አይደል?» አለ ዱዌይን። «አይተኸኝ ዘፈንክ።»

ሕዝቡ እግሩን እየደበደበ ይጣራ ጀመር። ዱዌይን ወደ ኩርት ዞረና ይህችን አንድ ዘፈን በራሱ እጅ እንዲመታት የድራሙን ማይክራፎኖች እንዲከፍትለት ለመነው። ዘገየም ፈጠነም የእሱ ይሁን፣ ከዚያ በቃው። ኩርት ዴኒን አየ። ዴኒ መሬት መሬቱን እያየ ነበር።

«ዛሬ አይሆንም፣ ዱዌይን። አራት ሺህ ሰው ነው ያለው» አለ ኩርት።

ዱዌይን በትሮቹን በዴኒ መዳፍ ላይ አኖረለትና ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ይሳደባል ወይም ይደባደባል፤ እሱ ግን አፍሮ ነበር፣ የተካደው እሱ ሆኖ ያፈረውም እሱ። ቦኒን ፈልጎ ሁሉንም በሦስት ቃል ነገራት። እሷ የሚታጠፍ ወንበሯን አጥፋ የመኪናውን በር ከፈተችለት።

ሞተሩን ሳታስነሳ ከመድረኩ በትሮች አራት ጊዜ ተጋጩ። ሕዝቡ ዘፈኑን አውቆት አገሩን በጩኸት ቀወጠው። ድራሙ ገባ። ዱዌይን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አዳመጠ፤ ቀኝ እግሩ የመኪናውን ወለል እየመታ እንደሆነ ቦኒ አየች። አጠገባቸው ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ የተሸከመ ሰው ለሚስቱ፣ «ሰማሽው? ሽማግሌው አሁንም አለ» ሲላት ሰሙት።

ከመጨረሻው ግጥም በፊት ምቷ መጣች። ሁለት ፈጠን ያሉ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ አንድ። ዴኒ ምድር ቤት ውስጥ ያቺን ሲሰማ ዘወር ብሎ ነበር የሳቀው። አሁንም ወደ ባዶው ወንበር ዘወር ብሎ እንደሆነ ከመኪና ማቆሚያው አይታይም። ዘፈኑ ግን አልተቋረጠም።

«እንሂድ» አለ ዱዌይን።