ዶኛ ኤርሜሊንዳና ጆሮ ትልቁ መርከበኛ

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ኡስካንጋ በቬራክሩዝ ወደብ አጠገብ ባለው የጦርነት ሙዚየም ዘብ ሆነው ሲያገለግሉ ፀጉራቸው ሸብቷል። ወንድ አያታቸው ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ አሜሪካኖች ከተማችንን ከባሕር በመድፍ ደብድበው በያዙ ጊዜ ነው የተገደሉት። ፎቶግራፋቸው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል። ስለዚህ የአሜሪካ የጦር መርከብ ለጉብኝት መጥታ፣ መርከበኞቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ ሙዚየሙ ሲጎርፉ፣ የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ።

«በሩን ደህና አድርገሽ ጠብቂ» አሉኝ፤ ቲኬት ቆራጯ እኔ ነኝ። «እነዚህ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።»

አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ወጣት ከጓደኞቹ ተለይቶ በሴትዮዋ አያት ፎቶግራፍ ፊት ተገትሮ ቀረ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ሄደው ከኋላው ቆሙ። እጁን ኪሱ ሲከት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይሄ ጆሮ ብቻ ምን ፈልጎ ነው?» ብለው በቋንቋችን ወደ እኔ ጮኹ፤ እንደማይገባው እርግጠኛ ነበሩ። «እናቱ ጆሮውን እየጎተተች ነው መሰለኝ ያሳደገችው!»

መርከበኛው ዞር አለ። «እናቴን እንኳ ይተዉልኝ፣ ዶኛ» አለ፣ በራሳችን የወደብ አነጋገር የቃሉን መጨረሻ እየዋጠ። «የአልቫራዶ ልጅ ናት።»

እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም፤ ቋንቋማ ሰላይም ይማራል።

«የአልቫራዶ ልጅ? እስቲ ተሳደብ!»

የአልቫራዶ፣ የዚያች አጠገባችን ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ሰው አፉ ባለጌ መሆኑን የማያውቅ የለም። ልጁ ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገና አንድ ስድብ አወረደ፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ተቆረጠ።

«ታዲያ የነሱን ልብስ ለብሰህ አያቴ ፊት ምን ትሠራለህ?»

«እናቴ ናት ሂድ ያለችኝ። ‹ያባትህ አገር ሰዎች ያደረጉትን እዚያው ካሉት ስማ› አለችኝ።»

«ኮፍያህን አውልቅ።»

አወለቀ። አያታቸው የሱቃቸውን በር ሲዘጉ፣ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ፣ እንዴት በጥይት እንደወደቁ ነገሩት። ሌሎቹ መርከበኞች ወጥተው ሄዱ፤ እሱ ቆሞ ሰማ። ሲጨርሱ የአያታቸውን ስም ጠየቀ።

«ፍሩክቱኦሶ ኡስካንጋ» አሉ።

ቀስ ብሎ ደገመው። እጁን ሲዘረጋላቸው አልጨበጡትም። ምሳቸውን ግን ፈተው ባቄላ የታሸገበት የሙዝ ጥብስ ሰጡት።

«ብላ። ይቅርታ አደረግሁ ማለት ግን አይደለም።»

«ገብቶኛል፣ ዶኛ» አለና እዚያው በላ።

ወደ መርከቧ ሲሄድ እስኪሰወር ድረስ በመስኮት በዓይናቸው ተከተሉት።

«ደግ ልጅ ይመስላል» አልኳቸው።

«ይመስላል» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመርከቧ ሳይነቅሉ።