ሁሉንም በአንድ መስመር

የእህቴ ባል መርዶ ሲነግር እንኳ "በአጭሩ፣ ዐርፏል" ብሎ የሚጨርስ ሰው ነበር። ገበያ ደርሶ ሲመጣ እህቴ "እንዴት ነው?" ካለችው "በአጭሩ፣ ተወዷል" ይላታል። ሰፈሩም ስሙን ትቶ "በአጭሩ" ይለው ጀመር። ዛሬ ያ ድምፅ ሲናፍቀኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ሥራው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ መጠበቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተራርቀው በቆሙ ግቢዎች የተከፈለ ሲሆን የየግቢው መውጫ ላይ ያለው ራውተር፣ መልእክቱን ወደየመንገዱ የሚመራው መሣሪያ፣ የውስጡን ሕንፃዎች አድራሻ አንድ በአንድ እሱ ለሚሠራበት ማዕከል ይናገራል። አንድ ሕንፃ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ወሬው ሁሉም ግቢ ይደርሳል፤ ራውተሮቹም ተደናግጠው መንገዳቸውን ያድሳሉ። "በአጭሩ" ይህን ሐሜት አልቻለውም። "ሕንፃ አትዘርዝር፤ ይህ ሁሉ አድራሻ እኔ ጋ ነው ብለህ በአንድ መስመር ተናገር" ብሎ ራውተሮቹን አዘዘ። ዘዴው የታወቀ ነው፤ የሙያው መጻሕፍትም ይመክሩታል። የማዕከሉ የመንገድ ሰንጠረዥ አጠረ፣ አለቃው በስብሰባ አስጨበጨበለት። ከዚያ ወዲያ አንድም ብልሽት አልታየም። አልታየም ነው ያልኩት።

ሴት ልጁ አርክቴክቸር የምትመዘገብበት የመጨረሻ ቀን ደረሰ። የምዝገባው ገጽ የሚከፈተው በዩኒቨርሲቲው መስመር ብቻ ስለሆነ ከአንዱ ሩቅ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ሆና በሞባይሏ ደወለችለት።

"አባዬ፣ ገጹ አልከፈት አለኝ።"

"የኔ እናት፣ መስመሩ አለ። ይኸው ፊት ለፊቴ ይታየኛል።"

"እኔ ጋ የለም እኮ!"

"ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው። ማሽን አይሳሳትም።"

ማሽኑስ መቼ ተሳሳተ! የቤተ መጻሕፍቱን ገመድ ቧንቧ ቆፋሪዎች በጥሰውታል፤ ሌሎቹ ሕንፃዎች ደህና ስለነበሩ ግን ራውተሩ እንደታዘዘው "ሁሉም እኔ ጋ ነው" ማለቱን አልተወም። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚላከውን ሁሉ በር ላይ ተቀብሎ ይጥለዋል። ልጅቷ ጎረቤት ሕንፃ ብትሻገር ይሠራላት ነበር፤ እሷ ግን አባቷን አምና ታጠፋለች፣ ታበራለች።

በመጨረሻ እህቴ ደወለችለት። "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ እያለቀሰች ሰንጠረዥ ታያለህ?"

ሮጦ ልጁ ጋ ሲደርስ ምዝገባው ተዘግቷል።

የሬጅስትራር ኃላፊዋ ደግ ሴት ነበሩ። "መስመሩ መቋረጡን ክፍላችሁ ያረጋግጥልኝ፤ አስገባታለሁ" አሉት። አለቃው ግን ሲጠይቀው ሳቀ።

"የኛ ኔትወርክ? ጠዋቱን ሙሉ አንዴም አልወረደም። ሰንጠረዡን እየው! ያንተው ሥራ እኮ ነው። ወርዷል ካልን ያን ሁሉ ጭብጨባ የት እናደርሰዋለን?"

የእህቴ ባል ወደ ሴትዮዋ ተመለሰና ዘረዘረ። የትኛው ሕንፃ፣ የትኛው ራውተር፣ ምን ብሎ እንዳዘዘው፣ መቋረጡ ከማዕከሉ ለምን እንደተሰወረ፣ በእጁ አየር ላይ እየሣለ አስረዳ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"እኔ የገባኝ ጥፋቱ የእርስዎ መሆኑ ብቻ ነው።"

"አዎ።"

"ይፈርሙበታል?"

ፈረመ። ልጅቷ ተመዘገበች። ለእሱ አለቃው ማስጠንቀቂያ ጻፈለት፤ ሊሰጠው የነበረው እድገትም ለሌላ ሰው ሆነ።

ወደ ቤት በታክሲ ተመለሱ። ሊወርዱ ሲሉ፣ "አምኜህ እኮ ነው የጠበቅሁት" አለችው።

ቦርሳዋን ተቀብሎ ከኋላ ከኋላዋ ሄደ።