መርዶውን ለእናቲቱ እንዴት ትነግሪያታለሽ ቢሏት

ልጄ ለሕክምና ትምህርት ቃለ መጠይቅ ስትጠራ አብሬያት ጎንደር ሄድኩ። የጽሑፉን ፈተና አልፋለች፤ የቀራት ይኸ ብቻ ነበር። ባዮሎጂ ተምራ ከተመረቀች በኋላ ሥራ አጥታ መካነ ብርሃን ከእኔ ጋር ተቀምጣለች። ጎረቤት "የተማረችው ልጅሽ ደኅና ናት?" ባለኝ ቁጥር ወሬ አስቀይር ነበር። ይኸኛው በር ከተዘጋ ሌላ የሚከፈት አልታየኝም።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፍቷል በተባለ ማግሥት ተሳፈርን። እኔ ፈሪ ነኝ። ማኪናው ቁልቁለቱን ሲይዝ ፈራሁ፣ ኬላ ላይ ውረዱ ስንባል ፈራሁ፣ መታወቂያዋ ጠፍቶ እንደሆነ ብየ ቦርሳዋን ደጋግሜ ከፈትኩ።

"አለ እኮ እማየ። እግር የለው፣ የት ይሄዳል?" አለችኝ።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ወላጅ አይገባም ተባልኩ። እሷ ገብታ እኔ ውጭ ቆሜ ስቁነጠነጥ ሽማግሌው ዘበኛ አየኝና፣ "ምነው እቴ፣ አንቺም ተፈታኝ ነሽ?" አለኝ።

"የለም አያ፤ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረሁ።"

"እንግዲያ ከእኔ ትበልጫለሽ። ነይ፣ ጥላው ሥር ተቀመጪ።"

ጥላው ሥር ኮት የለበሰ ሰው ቀድሞኝ ተቀምጧል። እሱም ልጁን ይጠብቃል። የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ ልጁን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ እንደ ጠያቂ እየሆነ ሲያለማምደው እንደከረመ አጫወተኝ። እኔ ለልጄ ያደረግሁላት ጸሎት ብቻ ነው። ምን እንደሚጠየቅ ከየት አውቄ?

ልጄ ስትወጣ ፊቷ ፈክቶ ነበር። "ሸጋ ነበር እማየ" አለችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ የመጨረሻውን ጥያቄ ነገረችኝ። አንድ ሕፃን ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ሞተ፤ እናቱ ደጅ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ሐኪሙ አንቺ ነሽ፤ ምን ትያታለሽ? ብለዋታል።

"ምን ብለሽ መለስሽ?"

"አሁን አልነግራትም አልኳቸው። ትንሽ ደክሞታል፣ ተኝቷል እላታለሁ። ከዚያ ወንድሟን ወይም ጎረቤቷን ፈልጌ ለብቻው እነግረዋለሁ። እነሱ ቤቷ ያደርሷታል፣ እህል ያቀምሷታል፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል አልኳቸው።"

"እሽ፣ እነሱስ?"

"‹ልጄን ልየው ብትልሽስ?› አሉኝ። ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው እላታለሁ አልኩ። ከዚያ ጻፉ።"

"ሸጋ ተናግረሻል" አልኳት። ከልቤ ነው። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው። ሰው በባዶ ሆዱ፣ ብቻውን፣ በሰው አገር መርዶ አይነገረውም።

ባለኮቱ ሰውየ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ። እሱን ባትል ይሻል ነበር።"

"ምነው?" አለች ልጄ።

"ሐኪሙ ራሱ ነው የሚነግራት። ቁጭ አድርጎ፣ ፊት ለፊት፣ ሞቷል ብሎ። የአንቺን ውሸት ይሉታል።"

"ውሸት አይደለም" አልኩት። "የሚደግፋት ሰው ሳይኖር እንዳትወድቅ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔም እዚያው ጎረቤታችሁ የበየዳ ልጅ ነኝ፤ እናቴም የአባቴን መርዶ የሰማችው እንዲሁ ነው። ግን እዚህ አይቀበሉትም።"

ልጄ ተነሣችና ዘበኛውን፣ "አያ፣ ተመልሼ አንዲት ቃል ብቻ ልንገራቸው?" አለችው።

"አይሆንም ልጄ" አላት። የቅድሙ ቀልድ ከፊቱ ጠፍቷል።

ያን መልስ ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። አባቷ የሞተው እዚሁ ጎንደር ለሕክምና መጥቶ ነው። የሞቱ ወሬ ለጎረቤቶቼ በስልክ ደረሰ፤ እነሱ ግን "ተሽሎታል፣ ሊመጣ ነው" አሉኝ። እኔም በደስታ ሸሚዙን አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ሲመሽ እቤቴ መጡና ብይ ብይ እያሉ አጎረሱኝ። ጎህ ሲቀድ ዋይታው ተነሣ፤ ሸሚዙ ገና አልደረቀም ነበር። ልጄ ያን ጊዜ ትንሽ ናት፤ ግን ሴቶቹ እንዴት ደግፈው እንደያዙኝ አይታለች።

ውጤቱ በስልክ ሲመጣ ቤታችን ተመልሰን ምስር እየለቀምን ነበር። "አላለፍኩም" አለችኝና ሰፌዱን ወደ ራሷ ስባ መልቀሟን ቀጠለች። ከሰፌዱ ቀና ሳትል፣ "እማየ፣ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጪ ነበር፣ ሰውየው እንዳለው ወይስ እኔ እንዳልኩት?" አለችኝ።

ያን ማታ፣ በመርዶየ ዋዜማ የበላሁት እራት ትዝ አለኝ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ አላውቅም። ባሌ ሲመጣ ምን እንደምለው እየቀለድኩ፣ እየሳቅሁ ነበር የበላሁት። አንዳቸውም ፊቴን አላዩኝም። ለደገፉኝ ሰዎች ዛሬም ውለታ አለብኝ። ያ ሳቄ ግን እስካሁን ያመኛል። ይህን ብነግራት በሐዘኗ ላይ ሐዘን መጨመር ነው።

"እንደ አንቺ ነው የምፈልገው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

"ከርሞ እንደገና ሞክሪ" አልኳት።

"መልሱንማ አሁን አወቅሁት" አለች። "ግን ፊቷን እያየሁ እንዴት ብየ ነው የምላት?"

ምስሩን መልቀማችንን ቀጠልን።