ለግንቦት ሚካኤል የያዝኩት መኪና

መኪናውን የያዝኩት ለግንቦት ሚካኤል ነበር። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱም የእኔ ነው።

ባለቤቴ ዕድሜውን የጨረሰው ደን በመጠበቅ ነው። ደኑ የመንግሥት ነው፤ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ተጉዞ፣ ወደ ውስጥ ገባ ይባላል። አንድ ክረምት ጭቃ አንሸራትቶት ወደቀና ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ገብተን እንኖራለን። በደልዳላ ላይ በከዘራ ይሄዳል። ዳገት ግን አይሞክርም።

በሚያዝያ ልጃችን ባሕር ዳር ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ አልዋሸንም። በዓይኑ ውስጥ ግፊት አለ፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይ ይሆናል አለን። «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አያቆዩት» አለው። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ከዘራውን ይዞ ተነሣ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ዳንግላን እንዳለፍን፣ «ያቺ ደኑ ውስጥ የተውኳት ዝግባ አሁን ምን ያህል ደርሳ ይሆን?» አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ አልቆም አለ።

ሰኔ ከገባ የደኑ መንገድ ጭቃ ነው፤ መኪና አያስገባም። ክረምቱ እስኪወጣ ደግሞ ዓይኑ ይጠብቀኝ እንደሆነ አንድ እግዚአብሔር ያውቃል። የነበረኝ ግንቦት ብቻ ነው። ገበያ ስወጣ ከቡሬ የመጣውን ሁሉ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናብ ጥሏል ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። ወጥ ጥጄ ደጅ ወጥቼ ደመና አያለሁ። ወጡ አረረ። ደን ጽሕፈት ቤት ሄጄ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁ። «መንገዱ የሕዝብ ነው፤ እንጨት ብቻ እንዳትነኩ» አሉኝ። ይህን ስነግረው ባለቤቴ ከመቀመጫው ሊነሣ ምንም አልቀረው። «እኔን? ለእኔ ነው እንጨት አትንካ የሚሉት?»

መኪናው የጎረቤታችን ነው። እህልና ማዳበሪያ ወደ ገጠር የሚያመላልስበት አሮጌ ፒካፕ ነው፤ አራቱም ጎማ ይስባል። ሰውየው ጭቃ ያውቃል።

«ሰኞ ይሁን እታለም» አለኝ።

«ሚካኤል መቼ ይውላል?»

«ሐሙስ።»

«እንግዲያው ሐሙስ።»

ራሱን አከከ። «በበዓል ቀን ጭቃ ቢይዘን ማን ይገፋናል?»

«የሚመራን መልአክ አለ።»

«መልአኩማ ይመራል። እኔ የምጠይቀው ስለ መግፋቱ ነው።»

አልሰማሁትም። ገመድ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ሁለት ጣውላ፣ ክሪክ ጫነ። እኔ ዳቦና ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጠበል በጠርሙስ፣ የዓይኑን ጠብታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ። ሁለት ጊዜ አሰርኩ፤ ሁለት ጊዜ ፈታሁ። «ዘመቻ ነው እንዴ?» አለኝ ባለቤቴ። እሱ ግን ከንጋት ጀምሮ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ኪዳን አድርሼ፣ ተሳልሜ ተነሣን። ቡሬን አልፈን ከአስፋልቱ ወጣን። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ጠቁሯል። በየማሳው በሬ በቀንበር አልነበረም፤ ሞፈር የያዘ ሰው አላየሁም። በዓሉ እንዲህ በመከበሩ ደስ አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሰብኩም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ገባኝ። በላዩ የነበረውን የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል። ጎረቤታችን ሹፌሩ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ውኃው ከጉልበቱ በታች ነበር። ችግሩ ዳሩ ነው፤ እንደ ግድግዳ ተቆርጧል። «አራት አምስት ሰው ቆፍሮ ቢደለድልልኝ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» አለኝ።

ከወንዙ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ሰዎች በዛፍ ጥላ የሚካኤልን ማኅበር ይጠጣሉ። ነጠላዬን አጣፍቼ ተሻገርኩ። «ኖር!» ብለው ተነሡ። «በእግዜር» አልኳቸው። ጠላ ቀዱልኝ፤ ቀምሼ ጉዳዬን ነገርኳቸው። የማኅበሩ አለቃ፣ እነሱ ሙሴ የሚሉት ሽበታም ሰው፣ ወደ ማሳው አገጩን አነሣ።

«እናቴ፣ አምና በጊዮርጊስ ዕለት አንዱ አጥር አጠረ። በረዶ መጣ። የማንን ማሳ እንደመታ ይጠይቁኝ።»

«የማንን?»

«የሁላችንን።»

እኔም በቤቴ በዚህ ቀን እንጨት አላስፈልጥም። አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። በልቤ ግን ተናደድኩ፤ በእነሱ፣ በራሴ፣ ይቅር ይበለኝና በመልአኩም። ሹፌሩ ብቻውን ሊቆፍር ዶማውን አንሥቶ ነበር። እጁን ያዝኩት።

«እርስዎም ይከለክሉኛል እታለም?»

«ማሳው የእነሱ ነው» አልኩት።

ባለቤቴ ከጋቢናው አልወረደም። «በይ ወደ ቤታችን» አለኝ። ሲናገር ወደ እኔ አልዞረም። ከወንዙ ማዶ የደኑ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ይታየኝ ነበር። እሱ ይታየው አይታየው አላውቅም።

ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ሙሴው ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አየ።

«እኮ እርስዎ ነዎት! መጥረቢያዬን የነጠቁኝ!»

«መልሼልሃለሁ» አለ ባለቤቴ፣ በድምፁ ለይቶት።

«ከሁለት ክረምት በኋላ!»

ከማዶ ያሉት ሳቁ። ሙሴው ግን ዓይኑን ትኩር ብሎ አየውና ወደ እኔ ዞረ። ስለ ሐኪሙ ነገርኩት። ጢሙን ዳሰሰ። «መሬት መቆፈር አይቻልም» አለ። «ድውይ መሸከም ግን በየትኛው በዓል ተከልክሎ ያውቃል?» ወደ ማዶ ተጣራ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቃሬዛ መጣ።

«በቁሜማ ቃሬዛ ላይ አልወጣም!» አለ ባለቤቴ።

«እንግዲያው ተኝተው ይውጡ» አለው ሙሴው።

ስድስት ሆነው አነሡት። መኪናውን ከሹፌሩ ጋር ትተን ወንዙን ተሻገርን፤ ዳገቱን ያዝን። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ከላይ ስትወርድ አገኘችን። ቃሬዛውን እንዳየች ሸክሟን ጥላ ደረቷን መታች። «ወይኔ! ማን ነው? ማን ነው?» ባለቤቴ ቀና አለና «አልሞትኩም፣ እረፊ!» አላት። ጮኻ ሸሸች። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሊጥሉት ነበር።

ከደኑ አፍ ላይ በእሱ ቦታ የተተካው ጠባቂ ተቀበለን። እጅ ነሥቶ ከኋላችን ተከተለ። የደኑ ጥላ ሲያርፍብን ፈራሁ። ሐኪሙ፣ ጨለም ያለ ቦታ ይከብደዋል ብሎን ነበር። ዛፉን አላየሁም፤ ያየሁት የባለቤቴን ፊት ነው። ወደ ላይ ያያል፤ ወደ ጎን ያያል፤ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ይህን ሁሉ ሰው አስቸግሬ ወደ ጨለማ አመጣሁት አልኩ።

«አቁሙ!» አለ ድንገት። ከዘራውን አነሣ። «ያንን ማን ነው የቆረጠው?»

ሁላችንም ዞርን። እኔ ቅጠል እንጂ ሌላ አልታየኝም። ጠባቂው ሄዶ ቅጠሉን ገለጠ። ከአንዲት ትልቅ ዝግባ ግንድ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ በቅርቡ ተቆርጧል።

«ከብት ጠባቂዎች ይሆናሉ ጌታዬ፤ ለበትር...»

«ለበትር! ዝግባ ለበትር? አንተ የት ነበርክ?»

ቁጣው አላባራም። ጠባቂውን፣ ከብት ጠባቂዎቹን፣ ሙሴውን ከነመጥረቢያው ወቀሰ። ሙሴው በእጁ አፉን ሸፍኖ ይስቃል። እኔ ሥር ላይ ተቀመጥኩና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ተመስገን አልኩ።

ሳይዘንብ ወንዙን ተሻገርን። ሲሰናበቱን ሙሴው «ሁለተኛ ሲመጡ በአዘቦት ይምጡ፤ መንገዱን ራሴ እቆፍርልዎታለሁ» አለው።

አሁን ሰኔ ነው። ጠዋትና ማታ ጠብታውን አደርግለታለሁ። በጨመርኩለት ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ «ያ የተቆረጠው አቆጥቁጦ ይሆን?» ይለኛል።

«ሄደህ ታየዋለህ» እለዋለሁ።

ከዚያ ወደ ጓዳ እገባና ከመስቀል በኋላ የትኛው ቀን በዓል እንደሌለበት በጣቴ እቆጥራለሁ።