ጨሞጋን የለበሰው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ባለው ዘይት መጭመቂያ በር ሳልፍ ትኩስ የኑግ ዘይት ሸተተኝና ጋሽ ምናሉ ትዝ አሉኝ። ጥቀርሻ በኑግ ዘይት ለውሰው ነበር ቀለም የሚሠሩት። ግቢያቸው ሁልጊዜ ይህንኑ ይሸት ነበር፤ እኛም ጎረቤቶቻቸው እንደዚያው።

አዲስ አበባ ሥዕል ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ለእንጀራቸው የሥጋ ቤት በሬ ይሥላሉ። ለራሳቸው ግን ሆዱ ውስጥ መንደር ያለበት በሬ፣ ሥሩን አንጠልጥሎ የሚበር ዋርካ በዋንዛ ሳንቃ ላይ ይቀርጹና ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያትሙታል። ከተማው "ልክፍት አለባቸው" ይል ነበር። ያልገባውን ሁሉ ልክፍት ማለት ይቀናዋል።

ወንድሜን አንተነህን ጨሞጋ ወንዝ ሲወስደው አንድም ፎቶ አልነበረውም። እናቴ ለአርባው መልኩን እንዲያወጡላት ጋሽ ምናሉን ለመነቻቸው። ይዘው መጡ። አንተነህ ወንዙን ከነዓሣው እንደ ጋቢ ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። ፊቱ፣ እመብርሃንን፣ ራሱ ነው፤ የግንባሩ ጠባሳ እንኳ አልቀረ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አጎቴ ግን "የገደለውን ውሃ አለበሱት!" ብሎ ድንኳኑ መሀል ቦጫጨቀው። ለቀስተኛው ሁሉ አበጀህ አለው።

ጋሽ ምናሉ ቁራጮቹን ለቃቅመው ሲወጡ እናቴን፣ "የተቀደደው ወረቀቱ ነው፤ ሳንቃው እኔ ዘንድ አለ። በፈለግሽ ጊዜ ነይ" አሏት። እሷም ወንድሟን ፈርታ፣ ዛሬ ነገ ስትል ሳትሄድ ቀረች። ከዚያ ወዲያ የሥጋ ቤቱም በሬ ቀረባቸው፤ የሚያሠራቸው ጠፋ። ሲሞቱ እንኳ ቀባሪያቸው ጥቂት ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን አጎቴም የለም። እናቴ አርጅታ "የልጄ ፊት ጠፋብኝ" እያለች ታለቅሳለች። የዘይቱ ሽታ በቀጥታ ወደ ጋሽ ምናሉ ቤት ወሰደኝ። ቤቱን የተከራየችው ሴት ሳንቃውን ከማድቤት አውጥታ ሰጠችኝ፤ ለካ መክተፊያ አድርጋው ኖሯል። በተቀረጸው በኩል ሥጋው አያንሸራትተኝም አለችኝ፣ ምስኪን።

አጠብኩት። ሲያትሙ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ጥቀርሻ በዘይት ለውሼ ቀባሁና ወረቀት ጫንኩበት። ጋቢው ወጣ፣ ዓሣዎቹ ወጡ። የፊቱ ቦታ ላይ ያለው የቢላዋ ጭረት ብቻ ነው።

እናቴ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ባዶውን በጣቷ ዳሰሰችው።

"እዚህ ጋ ነበር" አለች።