የሲስተር ሁለት ጣት

አጎቴ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ሰው የሚያውቀው «ሰጋቱራው» በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር፤ የእንጨቱ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ጎጆውን ቀልሶ፣ ቢታጠብ ቢታሽ አልለቅ ብሎታል። ግራ ጆሮውን ማሽኑ ወስዶበታል፤ የቀረው ቀኙም የሚሰማው ደስ ያለውን ብቻ ነው። ሚስቱ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነበር። ልጅ ስላልነበራቸው ምክሩም ቁጣውም ምሥጢሩም የሚራገፈው እኔ ላይ ነው። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ የምፈልግ፣ የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ ወጣት ነበርኩ።

ምሥጢሩ አንድ ነበር፤ ሲስተር።

ሲስተር ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የከተማውን እኩሌታ በእጃቸው ተቀብለዋል። ኋላ ደግሞ የበጎ አድራጎት ክበቡ ጸሐፊ ሆነው ስብሰባውን እንደ ምጥ ይመሩት ጀመር፤ «በርታ፣ በርታ፣ ደረሰ፣ አለቀ!» አጎቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ሸክም ቁርጥራጭ እንጨት ደጃፋቸው ያደርሳል። «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይሉታል። «ምንም አይደል ሲስተር» ብሎ ይመለሳል።

«እርስዎ!» ይለኛል እየተብከነከነ። «አንቺ የተማርሽው፣ ከእርስዎ እስከ አንተ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«አንተ ቅደማታ። አንቺ በላት።»

«የከተማውን ሰው ሁሉ ራቁቱን ያየች ሴት እንዴት ተብላ ነው አንቺ የምትባለው?»

አንድ ቀን በክበቡ ስለ ጣውላ ኢንዱስትሪ ሊናገር የተጋበዘው የደን ባለሙያ ታመመና አጎቴ ተተካ። እኔ «የጣውላ ኢንዱስትሪ ተግዳሮቶችና ዕድሎች» የሚል አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩለት። ሁለት ገጽ አነበበና አራት ቦታ አጥፎ ከሚነቃነቀው የምግብ ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቀው።

«ልጄ፣ ስለ እንጨት መናገር ሌላ፣ እንጨት እንጨት ማለት ሌላ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ አንተ ካላለችኝ፣ እንጨት ማመላለሱን አቆማለሁ። ሽማግሌ መሳቂያ ሲሆን አያምርም።»

ይህን ሲል አልሳቀም።

ክበቡ የሚሰበሰበው ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው አዳራሽ ነው። አርባ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንገቱ በፕላስተር የተጠመጠመ ማይክሮፎን፣ ከወለሉ ሥር ሽቅብ የሚመጣ የትኩስ ዳቦ ሽታ። ሊቀመንበሩ የጥርስ ሐኪም ነበር። «እኔም እሳቸውም የጥርስ ሰዎች ነን» ብሎ አስተዋወቀው። «የኔ ይነቀላል፣ የሳቸው ይሞረዳል።»

ለተናጋሪ የሚፈቀደው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሲስተር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰዓት ይይዛሉ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሁለት ጣት ያወጣሉ፤ ሲያልቅ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።

አጎቴ እንደ ሥራ ቦታው ጮኾ ጀመረ። ማይክሮፎኑ አፏጨበት፤ ገፋ አደረገውና ያለሱ ቀጠለ። የድርቅ ዓመት በግንዱ ውስጥ ቀጭን ቀለበት ሆኖ እንደሚታይ ነገራቸው። «እርጥብ ጣውላ እንደ ችኩል ሙሽራ ነው፤ ቤት ከገባ በኋላ ነው የሚጣመመው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሲስተርም ሳቁ፤ ግን ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ነበርና ሁለት ጣት አወጡ።

የአጎቴ ፊት በራ። «ሁለት? እሺ ሲስተር!»

ሁለት ታሪክ ጨመረ። ሲስተር ያላያቸው መስሏቸው እንደገና ሁለት ጣት አወጡ። ሌላ ሁለት ጨመረ፤ አንዱ፣ ዛፉ አቅፎት ስላደገና መጋዙን ስለሰበረ አሮጌ ሚስማር ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሁለት ጣት ሲወጣ የጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ የሳቅ እንባውን ይጠርግ ነበር።

ነገሩ የገባው ለእኔ ብቻ ነበር። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳመላልስለት አውቀዋለሁ፤ መሰንጠቂያው ውስጥ ድምፅ ስለማይሰማ ሰው የሚነጋገረው በእጅ ነው። እዚያ ሁለት ጣት ማለት «ሁለት ጨምር» ማለት ነው። ከኋላ ሆኜ እጄን ባወራጭ፣ ባወራጭ፣ የሚያየው ሲስተርን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሲስተር ብድግ ብለው መዳፋቸውን ወለል አድርገው ዘረጉ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። በመሰንጠቂያው ቋንቋ የተዘረጋ መዳፍ «ግንዱ ተቀርቅሯል፣ ሁሉን ጥለህ ናና ያዝ!» ነው።

ዓይኔን ስገልጥ አጎቴ ወንበር እየገለበጠ ደርሶ፣ የሲስተርን እጅ በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይዟል።

«የቱ ጋ ነው?» አለ እያለከለከ።

ሲስተር እጃቸውን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ቅንድቡ ላይ ያለውን ብናኝ አዩ። ከንፈራቸውን ነክሰው ትንሽ ታገሉ፤ ከዚያ ሳቁ ከሆዳቸው ፈንቅሎ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ። «ጊዜህ አልቋል እኮ ነው የምልህ!»

አጎቴ እጃቸውን ሳይለቅ ወደ እኔ ዞረ። የሚያንሾካሹክ መስሎት፣ ዳቦ ቤት ወረፋ የያዙት ሁሉ እስኪሰሙት ጮኸ፦

«ሰማሽ? አንተ አለችኝ!»

«አዎ፣ አንተ!» አሉ ሲስተር፣ መቆም አቅቷቸው ትከሻው ላይ እየተደገፉ። «እጄን የሰበረ ሰው እርስዎ አይባልም!»

እሱ «አንቺ» ለማለት ሌላ አራት ወር ፈጀበት። ሲጋቡ ያንን ጠረጴዛ ተሸክሞ እሷ ቤት ገባ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አክስቴ እላታለሁ። ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ ጠረጴዛው እኔ ጋ ነው። አሥራ አንዱን ገጽ ከእግሩ ሥር አላወጣሁትም። ከጻፍኩት ሁሉ አንድ ነገር ያጸናው እሱ ብቻ ነው።